ሞንቲቼሎ ልትሄዱ ካሰባችሁ የባርነቱን ጉብኝት አስቀድሙ

ሞንቲቼሎ፣ ማለትም አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ሻርሎትስቪል አጠገብ ያለው የፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ቤት፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 4 አዲስ ዜጎች የሚምሉበት ቦታ ነው። የእህቴ ባልም የማለው እዚያ ሣር ላይ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ «እስቲ ቦታውን አሳየኝ» አለችና ይዣት ሄድኩ።

ትኬቱ ርካሽ አይደለም። ስትገዙ «ባርነት በሞንቲቼሎ» የሚባለው ጉብኝት አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ደግሞ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት እሱን ስሙ።

ለምን መሰላችሁ? ቤቱ ያማልላል። ምግብ ክፍሉ ውስጥ ከእሳት ማንደጃው ጎን ትንሽ አሳንሰር አለች፤ ወይን ከምድር ቤት የሚሳብባት። አንደኛው በር ደግሞ ጀርባው መደርደሪያ ነው። ሳህኑ ከኋላ ይደረደርበታል፣ በሩ ዞር ይላል፣ ምግቡ ከእንግዶቹ በኩል ይገኛል። ጎብኚው ሁሉ ብልሃቱን ያደንቃል። እኔ ግን የባርነቱን ጉብኝት ጨርሼ ስለገባሁ ዓይኔ ከበሩ ወዲያ የቆመውን ሰው ነበር የሚፈልገው። ምግቡ ይምጣ፣ ያመጣው ሰው ግን አይታይ ነው ነገሩ።

ወጥ ቤቱን የምትመራው ኤዲት ፎሴት ነበረች። በ15 ዓመቷ ዋሽንግተን፣ ፕሬዚዳንቱ ቤት ተወስዳ የፈረንሳይ ምግብ ተማረች። ባሏ ጆሴፍ አንጥረኛ ነው። ጀፈርሰን በኑዛዜው ነፃ ያወጣው አምስት ሰው ብቻ ሲሆን ጆሴፍ አንዱ ነው። ኤዲትና ልጆቿ ግን የሉበትም።

ጀፈርሰን የሞተው ጁላይ 4፣ 1826 ነው። እሱ የጻፈው የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ልክ 50 ዓመት ሲሞላው፣ አገሩ በዓል ላይ እያለ። ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ነበር። በጥር 1827 እዚሁ ሞንቲቼሎ 130 ሰው ለጨረታ ቀረበ። የኤዲት ልጅ ፒተር 11 ዓመቱ ነበር። ተሸጠ።

አክስቴ እዚህ ጋ እጄን ያዝ አደረገችኝ። «አባትየውስ ምን አደረገ በልና ጠይቅልኝ» አለች። ጠየቅኩላት። አስጎብኚዋ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ጆሴፍ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን መልሶ ለመግዛት ሲለፋ ኖረ። ኤዲትንና ከልጆቹ የተወሰኑትን ገዛ። የፒተር ጌታ ግን አልሸጥም አለ። ፒተር ነፃ የወጣው በ1850 ነው።

«ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብሎ የጻፈው ሰው በዕድሜው ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል። እዚያ ግቢ ባንዲራ እያውለበለቡ ይህን አለመስማት ለእኔ ያሳፍራል። የእህቴን ባል መሐላ አላጣጥልም፤ ቀኑ የሱም ነው። ግን የፎሴቶችን ስም ሳይሰማ ተመልሷል፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

በሰው አገር ብቻ እንዳልፈርድ የራሳችንንም ልበል። አድዋ ላይ ድል ያደረግነው በእኛ አቆጣጠር በ1888 ነው። ባርነትን የሚያስቀረው አዋጅ የወጣው በ1934። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በነፃነታችን ስንኮራ በየጌታው ቤት የሚሸጥ የሚለወጥ ሰው ነበር። የእነሱን ታሪክ ስም እየጠራ የሚያስጎበኝ ቦታ እኛም ያስፈልገናል። አክስቴ ስንመለስ መኪና ውስጥ ስታወራ የነበረው ይህንኑ ነው።

የሳሊ ሄሚንግስን ክፍል እንዳትዘሉት። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ነው የተከፈተው። የጀፈርሰን ልጆች እናት ናት፣ በባርነት የያዛት። ፎቶም ሥዕልም ስለሌላት ታሪኳ የሚነገረው በልጇ በማዲሰን ቃል ነው። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ደግሞ በባርነት የነበሩት ሰዎች መቃብር አለ፤ ሳታዩት እንዳትወጡ።

ግማሽ ቀን መድቡ፣ የባርነቱ ጉብኝት ውጪ ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ። ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ይጠይቁ።