የናፖሊዮን ዘመን የእርሳስ ወታደሮች ለምትሰበስቡ፦ እኚህን አዛውንት ሳታማክሩ ለማንም እንዳትሰጡ

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የተሠሩ አሮጌ የእርሳስ ወታደሮች የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ዮርክሻየር ውስጥ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። አሮጌ ወታደሮችን ይጠግናሉ፣ ያጸዳሉ፣ የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆኑም ይለያሉ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ስልካቸውን እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ምሬቴን ልተንፍስ። አንድ የኢንተርኔት ነጋዴ «በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ ኦሪጅናል ሚኒፊግስ» (ሚኒፊግስ የአምራቹ ስም ነው) እያለ አንድ ሻለቃ የፈረንሳይ እግረኛ ሸጠልኝ፤ ግማሹ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ቅጂ የሚሠራው ዋናውን ወታደር በጎማ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ተጭኖ፣ በወጣው ቅርጽ ውስጥ አዲስ ብረት በማፍሰስ ነው። የፈሰሰው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። አዝራሩና ደረቱ ላይ የሚጣመረው ማንገቻ ይደበዝዛል፤ ከመቆሚያው ሥር የተቀረጸው ቁጥርም ወይ ይጠፋል ወይ አይነበብም። ነጋዴው ፎቶ ያነሳው ከፊት ለፊት ብቻ ነበር። ስለዚህ ከማንም ስትገዙ የመቆሚያውን ሥር ፎቶ ጠይቁ፤ አላሳይም ካለ ተዉት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። «እጠግናለሁ» ያለ ሰው ወታደሮቹን በሙሉ ዴቶል ውስጥ ነክሮ፣ አውጥቶ በቀጥታ በቧንቧ ውኃ አጠባቸው። ቀለም ለማስለቀቅ ዴቶልን የመሰለ ነገር የለም፤ ጥፋቱ ውኃው ላይ ነው። የለቀቀው ቀለም ከዴቶሉ ጋር ሆኖ ውኃ ሲነካው እንደ ማስቲካ ይጣበቅና የፊቱን መስመርና የኮቱን እጥፋት ሁሉ ይደፍናል። በዚያ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጡትን ወታደሮች እንኳ ሳይለይ ጥቁር ቀለም ረጨባቸው። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ።

አዛውንቱ ዘንድ የደረሰው ሣጥን እንግዲህ እንዲህ ያለ ነበር። ሲከፍቱት የወታደሮቹን ፊት አላዩም። እያንዳንዱን ወታደር ገልብጠው፣ ከመብራት ሥር አድርገው፣ በማጉያ መነጽር የመቆሚያውን ሥር ያዩ ጀመር። በትንሽ ቁመታቸው መጀመሪያ የተለዩት ሂንተን ሀንት የሚባለው አምራች ወታደሮች ናቸው፤ እነሱ 20 ሚሊሜትር ሲሆኑ የቀሩት 25 ሚሊሜትር ናቸው። ቀጥሎ የሳውዝሃምፕተኑን ሚኒፊግስ በአንድ ወገን፣ ዮርክሻየር ሜልተም ይሠራ የነበረውን ሂንችሊፍ በሌላ ወገን አደረጉ። የሂንችሊፍን ፈረሶች የቀረጸው ፒተር ጊልደር ነው፤ አዛውንቱ ፈረሶቹን ገና በእጃቸው ሲይዙ ያውቋቸዋል። «ኤፍኤን» የሚለው ኮድ ፈረንሳይን፣ «ቢኤን» የሚለው ብሪታንያን እንደሚያመለክት አሳዩኝና ቅጂዎቹን ለብቻ ከመሩ። አንድም ቅጂ «ይሸጥልሃል» አላሉም። «ለጨዋታ ይሆናሉ፣ ለስብስብ አይሆኑም» ብለው በየመቆሚያቸው ሥር በማይለቅ ቀለም ምልክት አደረጉ፤ ነገ ሌላ ሰው እንዳይታለልባቸው።

ከሁሉ የደነቀኝ የእንግሊዝ እግረኛ ላይ ያደረጉት ነው። ሣጥኑ ላይ «ዋተርሉ፣ 1815» ተብሎ የናፖሊዮን የመጨረሻ ውጊያ ስምና የፈረንጆቹ ዓመት ተጽፏል፤ ወታደሮቹ ግን ሁለት ዓይነት ቆብ አድርገዋል። ግማሹ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ያለው የድሮው ሻኮ (ረጅሙ የወታደር ቆብ) ነው፤ ሌላው በፈረንጆቹ 1812 የወጣው፣ ግንባሩ ከፍ ያለው ሻኮ። ሌላ ሰው ቢሆን አሮጌውን ቆብ ያደረጉትን «ዘመናቸው አይደለም» ብሎ ይጥላቸው ነበር። እሳቸው ለይተው አንድ ጎን አቆሙና 28ኛው የእንግሊዝ እግረኛ ሬጅመንት ዋተርሉ ላይ በድሮው ሻኮ እንደተዋጋ ነገሩኝ። የኮሌታና የእጅጌ ጫፋቸው ቢጫ ከተቀባ ለዚያ ሬጅመንት ይሆናሉ። ወታደር ሳይጣል፣ ሳይሸጥ፣ ሁለት ትክክለኛ ክፍሎች ወጡ።

ነጭ ዱቄት ያወጡትን ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አልነኳቸውም። ይህን ሁላችሁም ልብ በሉ፦ ያ ዱቄት የእርሳስ ካርቦኔት ነው፣ መርዝ ነው፤ በአፋችሁ እፍ አትበሉት፣ በደረቅ ብሩሽም አትጥረጉት። የሚመጣውም ከእንጨት፣ በተለይ ከኦክ መሳቢያና ከካርቶን ከሚወጣ የአሴቲክ አሲድ ትነት ነው፤ እርጥበት ሲጨመርበትና አየር ሲታፈን እርሳሱን ይበላዋል። እርሳስ የበዛበት ብረት ቶሎ ይጠቃል፤ ቆርቆሮ የበዛበት ይቋቋማል። አዛውንቱ ዱቄቱን እያረጠቡ በለስላሳ ብሩሽ አነሱ፣ በተጣራ ውኃ አለቀለቁ፣ በፀጉር ማድረቂያ እስከ እጥፋቱ ውስጥ አደረቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መነሻ ቀለም ቀቡ። ሳይደርቅ የተቀባ ከሥር መበላቱን ይቀጥላል። ሁለቱን ግን ጨርሶ ስለተበሉ «እነዚህ አይድኑም» ብለው በተዘጋ ከረጢት መለሱልኝ፤ ለእነሱ ምንም አላስከፈሉም።

የዴቶሉን ጉዳት ያስተካከሉት ደግሞ በዴቶል ነው። ውኃ ያልተቀላቀለበት ዴቶል ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት፤ እዚያው ውስጥ እንዳለ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ፤ ከዚያ በሌላ ንጹሕ ዴቶል ማለቅለቅ፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጓንት ያስፈልጋል፣ መስኮት መከፈት አለበት፤ ድመት ያለበት ቤት ደግሞ ዕቃውን ከፍ አድርጉ፣ ዴቶል ለድመት መርዝ ነው።

የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ላይ ሙጫ ብቻ የሚያደርግ ጠጋኝ ካያችሁ ሽሹት። እሳቸው ከሁለቱም ወገን በ0.8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በእጅ ይበሱና የናስ ሽቦ አስገብተው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ኤፖክሲ ሙጫ ያያይዙታል፤ ሱፐር ግሉ ቶሎ ቢይዝም ሲወድቅ ይሰበራል። ለተቆረጠ ሳንጃ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፈው ይተክላሉ። የታጠፈ ሳንጃ ከሆነ ጥርስ በሌለው ፒንሳ አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ አድርገው ያቀኑታል፤ ወዲያና ወዲህ ከተባለ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ደግነታቸው ልምጣ። ከሂንተን ሀንቶቹ መካከል አንድ ባንዲራ ያዥ ነበር፤ በድሮው የሀምብሮል ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ቫርኒሹ ዕድሜ ቢጫ ያደረገው። ነጩ ማንገቻ ቅቤ መስሏል። እንደ ሌሎቹ ቀለሙ ተነሥቶ አዲስ እንዲቀባ ነበር ያዘዝኩት፤ ዋጋውንም ተስማምተናል። እሳቸው ግን ይዘውት ብዙ ዝም አሉና «ይህን የቀባው እጅ የሚያውቅ ነው፤ ብነካው ያለውን ዋጋ ነው የማጥበው» አሉ። ለብ ባለ ውኃ አንዲት ጠብታ ሳሙና አድርገው፣ በጥጥ ጫፍ አቧራውን ብቻ አነሡለት፤ ገንዘቡንም መለሱ። ሥራ ሳይሠሩ ሊወስዱት የሚችሉትን ገንዘብ የሚመልስ ጠጋኝ ስንት አለ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግሜ እላለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የማይሠሩትንም አይሸሽጉም። የኤርፊክስን የዋተርሉ ፕላስቲክ ወታደሮች ለሚያመጣ «ዋስትና አልሰጥም» ይላሉ፤ ያ ለስላሳ ፕላስቲክ ቀለም ስለማይዝ ሲታጠፍ ይረግፋል። በሳሙና ታጥቦ ቀጭን ነጭ ሙጫ ከተቀባ በኋላ ቢቀባ የተሻለ እንደሚቆይ ይመክራሉ እንጂ ሰውን አያታልሉም።

ዕቃ ስትልኩላቸው እያንዳንዱን ወታደር በስስ ወረቀት ጠቅልሉ፣ ሳንጃው ወደ መሃል ይሁን፣ ሣጥኑ ሲነቀነቅ ድምፅ አይስጥ። የወደቁ ቁርጥራጮችን አትጣሉ፤ በትንሽ ከረጢት አብራችሁ ላኩ፣ የሚሆነውን መልሰው ይተክሉታል። አስቀድማችሁ ሙጫ አትንኩ። የመቆሚያውን ሥር ፎቶ ቀድማችሁ ብትልኩ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ዋጋውን ቁርጥ አድርገው ይነግሯችኋል፤ ከተናገሩት በላይ አይጠይቁም። ኢሜይል አዘውትረው ስለማያዩ ደውሉ፤ ጠዋት ከሆነ ያነሣሉ፣ ከሰዓት በኋላ እጃቸው ሥራ ላይ ነው።