የተመድ የአደንዛዥ ዕፅ ሪፖርት፦ ነፃ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል

ቪየና ያለው የተመድ የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ቢሮ በየዓመቱ ጁን 26 አካባቢ የሚለቀውን ሪፖርት ነው የምገመግመው። ክፍያ የለም፣ ምዝገባም የለም። የ2025ቱን ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ቁጥሮቹ ያስደነግጣሉ። በ2023 ዕፅ የተጠቀመው ሰው 316 ሚሊዮን ነው። የኮኬይን ምርት ደግሞ 3,708 ቶን ደርሷል፣ ያውም ከ1961 ጀምሮ ዕፅን የሚቆጣጠሩ ሦስት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እያሉ!

እኔን በጣም የሳበኝ የኦፒየሙ ነገር ነው። ታሊባን ኤፕሪል 2022 ላይ አፍጋኒስታን ውስጥ ኦፒየም የሚወጣበትን ፖፒ የተባለ ተክል መዝራትን ከለከለ፣ በቀጣዩ ዓመት እርሻው በ95 በመቶ ቀነሰ፣ ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ምያንማር አንደኛ አምራች ሆና ቁጭ። አንዱ ጋ ሲጫኑት ሌላው ጋ ያብጣል። ገበሬው በምን ይኑር የሚለው ግን ሁሌም ኋላ ነው የሚመጣው። ሜታምፌታሚንና ፌንታኒል የሚባሉት ሰው ሠራሽ ዕፆች ደግሞ ጭራሽ እርሻ አይፈልጉም። ኬሚካል ካለ አንድ ክፍል ይበቃቸዋል። ለዚህ ነው ከሦስቱ አንዱ የሆነው የ1988ቱ ስምምነት የኬሚካሎቹንም ንግድ የሚቆጣጠረው።

ድክመቱስ? አብዛኛው መረጃ ከመንግሥታት ነው የሚመጣው። የማይልክ አገር አለ። የተያዘው ዕፅ ጨመረ ሲባልም ፖሊስ በርትቶ ይሁን ዕፁ በዝቶ፣ ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። ቋንቋውም ደረቅ ነው።

ካርታዎቹ ግን ምርጥ ናቸው። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ጊዜ ከሌላችሁ አጭሩን ማጠቃለያ ብቻ አንብቡ።