ሆምላይት ኤክስኤል-12፦ ለመጀመሪያ ዕድሳት የምንመርጠው አሮጌ የሞተር መጋዝ

አሮጌ የሞተር መጋዝ እየሰበሰበ ማደስ ለሚፈልግ ሰው ሆምላይት ኤክስኤል-12ን የሚያህል መነሻ የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዛት ስለተሸጠ ዛሬም በየሰፈሩ የጓሮ ሽያጭና በኢቤይ ላይ ይገኛል። ለመለዋወጫ የሚፈታ ሁለተኛ ማሽን ማግኘትም አያስቸግርም። ሞተሩ 54 ሲሲ፣ ባለሁለት ምት ነው። አካሉ ማግኒዥየም ስለሆነ ያለ ባር (ካቴናው የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ካቴና 5.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሁሉ የምንወድለት ግን አፈታቱን ነው። የላይኛውን ክዳንና የአየር ፊልትሮውን ሲያነሱ ካርቡሬተሩ ፊት ለፊት ይገኛል፤ አብዛኛው ሥራ በተራ ኪያቤና ካቻቪቴ ያልቃል።

ሲገዙ ካንዴላው እሳት መስጠት አለመስጠቱን አይተው አይወስኑ። እሳት ያጣ ኤክስኤል-12 አብዛኛውን ጊዜ ፑንቲናው (እሳቱን የሚቆርጠው መገናኛ) ዝጎ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ውድ የሚሆነው ሲሊንደሩ ነው። ማርሚታውን ፈትተው በጭስ መውጫው በኩል በባትሪ ፒስተኑን ይመልከቱ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ወይም ከመጠን በላይ ግሎ ሠርቷል ማለት ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ክሮሙ ከተላጠ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት አያዋጣም፤ ሌላ ሲሊንደር መፈለግ ነው። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት፣ 130 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ከሆነ ይውሰዱት። ከ100 በታች ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል ብለው ዋጋውን ይከራከሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ረጅም ቱቦ ያለው የመኪና ኮምፕሬሽን መለኪያ (ጌጅ) እንዲህ ባለ ትንሽ ሞተር ላይ አሳንሶ ያነባል። ቫልቮላው ካንዴላው ቀዳዳ አጠገብ የሆነውን ጌጅ ይጠቀሙ።

ዕድሳቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የቤንዚን ቱቦው ነው። ቱቦው ከታንኩ ወጥቶ ወደ ካርቡሬተሩ ክፍል የሚገባበትን ቀዳዳ የሚዘጋው የራሱ ጎማ ነው። አሮጌው ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ቀጭን ቱቦ የተካበት ሰው ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ ክፍል ሲያንጠባጥብ ያገኘዋል። መፍትሔው በቀዳዳው ውስጥ ተጨንቆ የሚያልፍ ቱቦ መግዛት ነው። ጫፉን በሰያፍ ረዘም አድርጎ መቁረጥ፣ በጥቂት ዘይት ማርጠብ፣ ከዚያ ጫፉን በፒንሳ ይዞ ቀስ እያሉ መሳብ። ታንኩ ውስጥ ያለውንም ፊልትሮ አብረው ይቀይሩ። የታንኩ መተንፈሻ ከተደፈነ ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ የታንኩን ክዳን ከፍተው ዘግተው እንደገና ከተነሣ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ካርቡሬተሩ ቲሎትሰን ኤችኤስ ነው፤ የመጠገኛው ኪት መለያ አርኬ-23ኤችኤስ ነው። ዲያፍራሙ (ቤንዚኑን የሚቆጣጠረው ስስ ሽፋን) በጣት ሲነካ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ከደረቀና ከተንሻፈፈ አልቋል። በመለኪያው ክፍል (ቤንዚኑ በሚመጠንበት) በኩል መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ፣ ቀጥሎ ዲያፍራሙ ይገባል። በፓምፑ በኩል ያለውን ቅደም ተከተል ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። በመለኪያው ክፍል ውስጥ ያለችው ትንሿ ማንሻ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል ትሁን፤ ከፍ ካለች ቤንዚን ይበዛል፣ ዝቅ ካለች ያንሳል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይጎርጉሩ፤ በካርቡሬተር ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር ይንፉ። ለመነሻ ሁለቱን የቤንዚን ማስተካከያ ብሎኖች ቀስ ብለው እስከ መጨረሻ ዘግተው አንድ አንድ ዙር ይክፈቱ።

ፑንቲናው ከቮላኖው (በሞተሩ ጎን ከሚዞረው ባለማግኔት ጎማ መሰል ብረት) ሥር ነው። ቮላኖውን በመዶሻ ሳይሆን በማውጫ ያውጡት፤ የግማሽ ጨረቃ ቁልፉም ሳይሸረፍ ይቆይ። ክፍተቱ 0.38 ሚሊሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.64 ነው። ካጸዱ በኋላ ፑንቲናው ላይ የዘይት ፊልም እንዳይቀር ንጹሕ ወረቀት በመካከሉ ጎትተው ያውጡ። በቦቢናና በቮላኖው ማግኔት መካከል የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ይበቃል። ፍሪሲዮኑን መፍታት ካስፈለገ ጥርሱ የግራ ስለሆነ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ይህን ሳያውቁ የሚታገሉ ሰዎች ፍሪሲዮኑንም ኮሎውንም (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ይጎዳሉ።

ኪት ተቀይሮ፣ ቱቦ ተተክቶ፣ ቤንዚን መስጫው ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ ካልወረደ ብሎን ማዞሩን ያቁሙ። አየር እያስገባ ነው። ማርሚታውንና የካርቡሬተሩን ቦታ አፍነው በ0.5 ባር ግፊት አየር ይሙሉ፤ ግፊቱ ከወረደ በሳሙና ውኃ የሚያፈስበትን ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ኦይል ሲል (የኮሎው ማገጃ ጎማ) ወይም ከካርቡሬተሩ ጀርባ ያለው ጓርኒሲዮን ነው። እንዲህ እያለ በሙሉ ዙር ማሠራት ፒስተኑን ያቃጥላል።

ቀለሙ ሲታደስ ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ አካሉ ላይ አይድረስ፤ ማግኒዥየምን ይበላዋል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝም ተቀጣጣይ ነው። ከእሳት ያርቁት፣ ቢቀጣጠል ውኃ አያፍስሱበት፤ ደረቅ አሸዋ አጠገብዎ ይኑር።

ጉድለቱንም አንደብቅም። የካቴና ብሬክ የለውም፤ መያዣው በጎማ ስላልተገጠመ ንዝረቱ እጅ ያደነዝዛል፤ ድምፁም ኃይለኛ ነው። የካቴና ዘይት በራሱ አይወርድም፤ በአውራ ጣት የሚጫን ፓምፕ አለው። በቆረጡ ቁጥር ካልተጫነ ባሩም ካቴናውም ይነዳል። ስለዚህ ለቀን ሙሉ ሥራ አንመክረውም፤ ለማገዶና ለወደቀ ግንድ ግን በደንብ ይበቃል። ባሩን በጫፉ አያሠሩት፣ ሁለቱም እጆች መያዣው ላይ ይሁኑ፣ የጆሮ መከላከያም አይርሱ። ቤንዚኑ ኢታኖል የሌለበት ይሁን፤ ለ1 ሊትር 31 ሚሊሊትር የባለሁለት ምት ዘይት ይቀላቅሉ። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ታንኩን ባዶ አድርገው ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ያሠሩት።