ነፃ ነው፣ ግን ባዶ እጅ አይኬድም፦ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አገልግሎት ሲመዘን

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሲነሱ ብዙው ሰው ትዝ የሚለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩበት ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት 2011 እስከ ጥር 2015 ዓ.ም.። ከፍላ ጠበቃ ማቆም ለማትችል ሴት ግን የሚጠቅማት የቀደመው ሥራቸው ነው፦ በ1995 እ.ኤ.አ. ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር። እሳቸውን ለማክበር የሚሻ ሰው ማኅበሩ የሚሰጠውን ነፃ የሕግ አገልግሎት እንደማንኛውም አገልግሎት ቢመዝነው ይሻላል።

የሚሰጠው ሦስት ነገር ነው፤ ምክር፣ የክስና የማመልከቻ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ችሎት ቆሞ መከራከር። ጥንካሬው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ሦስተኛው ጠባብ ነው፤ ጠበቃው ለሁሉም አይዳረስም። «ጠበቃ ይቆምልኛል» ብላ የሄደች ሴት ክሷ ተጽፎላት ራሷ እንድትከራከር ልትመከር ትችላለች፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከቅሬታ ያድናል።

ለመጥበቡ አንዱ ምክንያት ሕግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኙ ከለከለ። ማኅበሩ አብዛኛውን ሠራተኛ ለመቀነስ ተገደደ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካው ድረስ አሥር ዓመት ሄደ፤ የተበተነ ባለሙያ ደግሞ ሕግ ስለተሻረ ብቻ በማግስቱ አይሰበሰብም። አቅሙ ሙሉ ሲሆን ምን ይሠራ እንደነበር ለማየት፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ማኅበሩ ቆመላት፤ ልጅቷም ራሷን በመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በዚያን ጊዜ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም።

አሁን ወደ ባለጉዳይዋ። የሚበዛው የፍቺ፣ የቀለብና የንብረት ጉዳይ ነው፤ አገልግሎቱ የሚበላሸውም በዚሁ፣ በማስረጃ ጉድለት ነው። መያዝ ያለበት መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ ቅጂ፣ የሦስት አራት ምስክሮች ሙሉ ስምና አድራሻ ነው። የጋብቻ ወረቀት ባይኖርም ጉዳዩ አይቀርም፤ ሠርጉን ወይም አብሮ መኖሩን የሚያውቁ ሰዎች ምስክር ይሆናሉ። የምስክርና የሰነድ ዝርዝር ከክሱ ጋር ተያይዞ መግባት ስላለበት «በኋላ አመጣዋለሁ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

በተቃራኒው ብዙ ሴቶች የማያስፈልግ ነገር ፍለጋ ወራት ያባክናሉ። ከእነዚህ ዋናው የባል የደመወዝ ማስረጃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሚስት አይሰጥም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሲጠየቅ መሥሪያ ቤቱን ያዘዋል። የባንክ ሒሳብም እንዲሁ ነው፤ ባንኩንና ቅርንጫፉን ማወቅ ይበቃል።

«ቤቱ በእሱ ስም ነው» ብሎ ተስፋ መቁረጥም የተለመደ ነው፤ ስሕተትም ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን ካላስረዳ የጋራ ነው። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ለኖሩትም ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ካላነሰ በጥረት የተገኘው የጋራ ይሆናል። ማኅበሩ ለዚህ ሕግ መውጣት ከጮኹት ዋነኛው ነበር፤ አማካሪዎቹ እያንዳንዱን አንቀጽ ቢያውቁት አያስገርምም።

ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ፍርሃት ካለ ገና በመጀመሪያው ምክር ላይ መነገር አለበት። የእግድ ማመልከቻ ከቃለ መሐላ ጋር ከክሱ ጎን ይገባል። ያለ ሚስት ፈቃድ የተሸጠ የጋራ ቤት ውል ሊፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለባት። ሽምግልና ላይ ተቀምጠው ይህ ጊዜ የሚያልፍባቸው ጥቂት አይደሉም።

ስለ ሽምግልና ካነሣን፦ የቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። አሁን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ለማስታረቅ ሊሞክር፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፤ ስምምነት ከሌለ ጊዜው ባለቀ በአንድ ወር ፍቺውን ይወስናል። የሚጓተተው የንብረት ክፍፍሉ ነው። የዳኝነት ክፍያውን መቻል ካልተቻለ በድህነት ለመክሰስ በቃለ መሐላ ይጠየቃል፤ የወረዳ የድህነት ማስረጃ ቀድሞ ማውጣት ጊዜ ያተርፋል።

ጉዳዩ አስገድዶ መድፈር ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ማኅበሩ መሄድ ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ነው። ኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ገላ ሳይታጠቡ፣ የተለበሰውን ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልሎ መሄድ ማስረጃውን ያቆየዋል፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያበላሸዋል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውንና የፖሊሱን ሥራ አንድ ቦታ ያገናኛል። ክሱን የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ማኅበሩ እዚህ የሚጠቅመው ጉዳዩን በመከታተል ነው።

በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ፤ ለተራ የውልና የኪራይ ጉዳይ እነሱ ይበቃሉ። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ በዋናነት የሚቆመው ለወንጀል ተከሳሽ ነው። ለቤተሰብ ጉዳይ ማኅበሩ ይመረጣል።

ከክልል የምትመጣ ሴት የት እንደምትከስ መጀመሪያ ትጠይቅ። አዋጅ 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ አማራና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የፌዴራሉን አንቀጽ ጠቅሶ አዲስ አበባ የተጻፈ ክስ እዚያ ሲደርስ እንደገና መጻፍ ሊያስፈልገው ይችላል፤ በክልል ከተሞች ያሉት የማኅበሩ ቅርንጫፎች ለዚህ ይሻላሉ።