ሜይ 8 ግንቦት 8 አይደለም

ካልጋሪ የምኖር የደሴ ልጅ ነኝ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት 3 ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ አባቴን ልጠይቅ፣ ቀጥሎ ላገባ፣ ዘንድሮ ደግሞ ባለቤቴ ለካናዳ የሕክምና ምርመራ ሲያደርግ አብሬው ልሁን ብዬ። በዚህ ጉዞ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጻፍላችሁ። ደህናውን አመሰግናለሁ። ያቃጠለኝን ግን ስሙን አልጠራም።

በረራው ጥሩ ነበር። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከገባችሁ የአገር ውስጡ ትኬት ይረክስላችኋል፤ ስትቆርጡ መናገር አትርሱ። ከቦሌ ኮምቦልቻ ገና ዓይናችሁን ከደን ስታደርጉ ደረስን ይላሉ። ከዚያ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያወለቅኩትን ጃኬት ደሴ ስገባ መልሼ ለበስኩት። ታክሲው ንጹሕ ነው፤ ሹፌሩ ግን በየጠመዝማዛው ስልክ ያነሳል።

ወሳኝ ኩነት ቢሮም አላስከፋንም። በጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ የአንድ ፊደል ስህተት ነበር፤ አስተካከሉልን። ግማሽ ቀን ፈጀ። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ያንንም ባልፈጀ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ።

ባለቤቴን ወደ ካናዳ ልወስደው ማመልከቻችንን ባስገባን በ2ኛው ወር ባለቤቴ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ሄዶ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ። ሰውየው “ምርመራውን አስቀድመህ ጨርስ፣ ፋይልህ ይሮጣል” አለው። እዚያው ደሴ ወደ አንድ ክሊኒክ ላከው። ደም ሰጠ፣ ራጅ ተነሳ፣ ከፈለ። ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት በፖስታ ተሰጠው። ወረቀቱን በቫይበር ሲልክልኝ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን ሳየው አንጀቴ አረረ።

ያ ወረቀት ለካናዳ ምንም አይደለም። ምርመራውን ማድረግ የሚችለው የካናዳ ኢሚግሬሽን ራሱ በዝርዝሩ ያስቀመጠው ሐኪም ብቻ ነው። ሌላው ሐኪም ፕሮፌሰርም ቢሆን አይቆጠርም። ዝርዝሩ በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ይገኛል። እኛ እዚያ ላይ ያገኘናቸው አዲስ አበባ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ደሴ ላይ “የኤምባሲ ምርመራ እንሠራለን” የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ የት ጋ ነው በሉት።

ደግሞ ትክክለኛው ሐኪም ጋ ቢሄድም መቸኮሉ አይጠቅመውም ነበር። ውጤቱ የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ደግሞ ፋይላችሁ ሲከፈት ሳይሆን በተመረመራችሁበት ቀን ነው። ካልጋሪ ያለች አንዲት የሐይቅ ከተማ ልጅ ባሏን ቀድማ አስመረመረች፣ በትክክለኛው ሐኪም። ፋይሉ ግን ከዓመት በላይ ወሰደ። ቪዛው ሊሰጥ ሲል ምርመራው አርጅቶ ነበር። እንደገና መክፈል፣ እንደገና ደም መስጠት፣ እንደገና ከሥራ መቅረት። ለትዳር ጓደኛ የሚባለው “መመሪያው እስኪላክላችሁ ጠብቁ” ነው። መመሪያው ሲላክ 30 ቀን ይሰጣችኋል። በ30 ቀን ካልደረሳችሁ ቀኑ ሳያልፍ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ አሳውቁ።

የኛ ደብዳቤ የመጣው ኤፕሪል 8 ነው። እስከ ሜይ 8 ይላል። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ የክፍለ ጊዜ ነገር አለበት። ቀጠሮውን አዲስ አበባ ካለው ክሊኒክ ለግንቦት 3 አሲዞ “አምስት ቀን ቀድሜ እጨርሳለሁ” ብሎ ተረጋግቷል። እኔ ደሴ ከገባሁ በኋላ አማቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ቶናው ላይ ደርሰናል። ደብዳቤውን አሳየኝ አልኩት። አነበብኩ። ሜይ 8 በኛ ስንት ነው? ሚያዝያ 30! ቀጠሮው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። እንግሊዝኛው “ሜይ” ሲለው በልቡ “ግንቦት” ብሎ አንብቦ፣ 8ን እንዳለች አስቀምጧታል። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ነው እንግዲህ። በረካው አልተጠጣም። ስልክ አነሳን። የክሊኒኩ ሰዎች፣ ይመስገኑ፣ ለሚያዝያ 27 አሸጋሸጉልን።

ሌላም ነገር ነበር። ባለቤቴ ወጣት ሳለ፣ ሐይቅ አካባቢ ሲያስተምር፣ ሳንባ ነቀርሳ ታሞ ድኗል። 6 ወር ሙሉ መድኃኒቱን ወስዷል። ካርዱ ግን የለም። ማስረጃ ፈልገን ይዘን እንሂድ ስል አማቴ ተቆጡ።

“የዳነ በሽታ ምን ያስወራል? ዝም በሉ እንጂ የኔ ልጅ!”

“እማ፣ እኛ ዝም ብንል ራጁ ዝም አይልም” አልኳቸው።

በማግሥቱ ወደ ሐይቅ ሄድን። እዚህ ላይ ከጉዞው ሁሉ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ነው። ያለችው አንዲት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተር የለም። የቲቢ መዝገቦቹን ከመደርደሪያ ላይ እየጎተተች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ፈለገችው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ስሙ ተገኘ፤ የጀመረበት ቀን፣ የጨረሰበት ቀን። ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈልን፣ ማኅተም ተመታበት። ሴትየዋ ግን ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችን። “የካናዳ ከሆነ በፈረንጁም ይጻፍበት” አለች። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጻፈች። እኔ የከፈልኩት የለም፤ ለቡና ብዬ ያወጣሁትንም መለሰችልኝ። ይህቺን ሴት ቀድመን ብናገኛት ኖሮ ሜይ 8 አትምታታብንም ነበር።

አዲስ አበባ ያረፍንበት ፔንሲዮን ክሊኒኩ አጠገብ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ ነው። ሙቅ ውኃ አለ ብለውን ነበር። አለ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ።

ክሊኒኩ ደህና ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ፊት አትሰጥም፤ ሐኪሙ ግን ይሰማል። ፓስፖርት፣ የመመሪያውን ደብዳቤ፣ መነጽር ካላችሁ መነጽር፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ ያነሳሉ፣ ይመዝናሉ፣ ሽንት፣ ደም፣ ራጅ። ደሙ ኤች አይ ቪንም ይጨምራል። ይህን እዚህ ላይ የምጽፈው በዚህ ፈርተው ስፖንሰር ማድረጉን የተዉ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። ካናዳ “ለጤና አገልግሎታችን ወጪው ይበዛብናል” ብላ የምትከለክልበት ሕግ ባልና ሚስትን አይመለከትም። ነፍሰ ጡር የሆነችም ራጁን እስክትወልድ ማቆየት ትችላለች፤ ብቻ ቀድማ ትናገር።

ውጤቱን በእጃችሁ አይሰጧችሁም። እነሱ ራሳቸው በኮምፒውተር ይልኩታል። ለእናንተ የሚሰጠው ተመርምሯል የሚል ወረቀት ነው፤ እሱን ጠብቁት።

ራጁ ላይ፣ እንደፈራነው፣ የድሮው ጠባሳ ታየ። ሐኪሙ የሐይቁን ደብዳቤ አነበበና “ጥሩ አድርጋችኋል” አለ። ግን አክታ መመርመሩ አልቀረም። 3 ጠዋት በተከታታይ መስጠት አለበት። ከዚያ ካልቸሩ፣ ማለትም አክታው ውስጥ ጀርም ካለ እንዲያድግ ላቦራቶሪ የሚያቆዩበት ምርመራ፣ እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ደብዳቤው ነገሩን ሊያስረዳ ይችላል እንጂ ምርመራውን አያስቀርም። እኔ ለ3 ሳምንት ነው የመጣሁት። ፔንሲዮኑን በ3 ቀን አራዘምን፣ አክታው ተሰጠ፣ እኔም ተመለስኩ። ባለቤቴ ብቻውን ወደ ደሴ ወጣ። የድሮ ቲቢ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ትኬታችሁን ከምርመራው ቀን ጋር አታጣብቁት። ለሠርግ አዳራሽ፣ ለሥራ መልቀቂያ፣ ለምንም ነገር ቀን አትቁረጡ።

ካልቸሩ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን የምንጠብቀው ቪዛውን ነው። የመግቢያው ቀን ከምርመራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሲመጣ “ትምህርት ይዘጋና” ብሎ ነገር እንደሌለ ነግሬዋለሁ። ገብቶታል። እንዲያውም አብዝቶታል። ባለፈው “ቅዳሜ እደውልልሃለሁ” ብለው፣ “በፈረንጅ ነው በእኛ?” አለኝ።