አንድ መቆንጠጫ፣ አሥራ ሁለት በር

ሰሞኑን መሳቢያ ሳጸዳ አገኘሁት። የልብስ መቆንጠጫ የሚያህል፣ ጣት ነክሶ የሚይዝ ነገር ነው። ሐኪሞች ፐልስ ኦክሲሜትር ይሉታል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። እኛ ሕንፃ ግን ስሙ «መቆንጠጫው» ነበር። «መቆንጠጫው ዛሬ ማን ጋ አደረ?» ይባላል። በኮቪድ ጊዜ አሥራ ሁለት ቤት ዞሯል። አንድን ዕቃ ከዚህ በላይ የፈተነ ካለ ይምጣ። እስከዚያው እኔ ልገምግመው።

በመጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ሲል፣ እኔ ሮጬ ሦስት ገዛሁ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ፣ ሦስተኛው ለመጠባበቂያው መጠባበቂያ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ለአባቷ ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመልሳለች። «የትም የለም፣ አልቋል» አለችኝ። የት እንዳለቀ የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ቀን ፊቴን የሸፈነልኝን ማስክ አመሰገንኩት። ማታውኑ አንዱን ለእሷ ሰጠሁ፣ አንዱን ማዶ ላለው ሕንፃ ላክሁ። ሦስተኛው የደረጃችን ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በአንድ በኩል ቀይና ለዓይን የማይታይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን ጣት ውስጥ ይልካል፣ በሌላው በኩል ምን ያህሉ እንዳለፈ ይቆጥራል። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ሁለቱን ብርሃኖች እኩል አይውጧቸውም። ልዩነቱ ነው ቁጥር ሆኖ የሚወጣው። ሐሳቡን በ1970ዎቹ ያመጣው ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። የሞተው በኤፕሪል 2020 ነው፤ ልክ የዓለም ሕዝብ ጣቱን የእሱ ሐሳብ ውስጥ ሲከት።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የእኔኛው አዝራሩ በተነካ ቁጥር ስክሪኑን ይገለብጣል። የትኛውም ጣት ይሁን ከየትኛውም ጎን እንዲነበብ ታስቦ ነው አሉ። አንድ ሌሊት በስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ናት። «86 ይላል! እናቴ 86 ናት!» ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ እናትየው ስለ ትራሳቸው ሲያማርሩ ይሰማኛል። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ አልኳት። ፎቶው ሲመጣ ከቁጥሩ ጋር ያሉት ፊደሎች በጭንቅላታቸው ቆመዋል። እስቲ የደህና ሰው ቁጥር የሆነውን 98ን ገልብጣችሁ እዩት። ተሳሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ 86ም ሲገለበጥ 98 ነዋ። ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ፤ ከቁጥሩ በፊት ፊደሉ ይነበብ። ከኦክስጅኑ ጎን የሚታየው ሌላው ቁጥር የልብ ምት መሆኑንም ለየቤቱ አስረዳን። «72 ነኝ፣ አለቀልኝ» ያሉ ነበሩና።

ቀዝቃዛ ጣት ላይ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይቀባጥራል። እጅን አሙቆ፣ አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። የጥፍር ቀለም ካለ ይለቀቅ። ትልቁ ጉድለት ግን የቆዳ ነገር ነው። በዲሴምበር 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በሚባል የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነህ እያላቸው በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ዝቅ ብሎ የተገኘ ሕሙማን በጥቁሮቹ ዘንድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዙ አሳየ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቁጥሩን ብቻ ማመን ተውን። «ከአልጋ እስከ በር ሲሄዱ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» የሚል ጥያቄ ታከለበት።

አዟዟሩ እንዲህ ነበር። መለኪያው በ70 ፐርሰንት አልኮል ይወለወላል፣ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጋር በፌስታል ይሆናል፣ በር እጀታ ላይ ይንጠለጠላል። ደወል ተጫን፣ ዞር በል። የሦስተኛ ፎቁ ተማሪ ጠዋትና ማታ እየደወለ ቁጥር ይመዘግባል። መጀመሪያ የሚሄደው ለታመመ ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ሰው መጠየቅ አቆመ። ፌስታሉ በርህ ላይ ከታየ ታወቀብህ ማለት ነዋ! ልጆችህን ማንም አያስጠጋቸውም።

መላውን ያመጡት የምድር ቤቷ እማማ ናቸው። በመስኮት ጠሩኝና «ልጄ፣ ሁሉም ቤት ይዙር። የታመመም ያልታመመም ይለካ። ያኔ ማን የማንን ያውቃል?» አሉኝ። እኔ ስለ ብርሃኑና ስለ ጥናቱ ሳነብ ይህ አልታየኝም ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ በተራ ሆነ። መቆንጠጫው ሁሉም በር ላይ ታየ፣ ሐሜቱም ደረቀ።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ የተገኙት በዚህ ተራ ነው። ምንም አልተሰማቸውም። ስልክ ላይ ከተማሪው ጋር እየቀለዱ ነው። «87 ይላል፤ ዕቃችሁ ተበላሽቷል» አሉ። ልጁ ፊደሉን እንዲያነቡ፣ ጣት እንዲቀይሩ አደረጋቸው። 87። ወጥቶ ከበራቸው ወሰደው፣ ወልውሎ ራሱን ለካ። 97። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ ሕመምተኛ ከ90 በታች ከሆነ ሕመሙን ከባድ ይለዋል፤ ኦክስጅን ወርዶ ሰው ሳይታወቀው እያወራ ሊቀመጥ እንደሚችል ደግሞ በዚያ ዓመት ስንሰማ ከርመናል። ልጁ «ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ» አላቸው። «ለመቆንጠጫ ብዬ?» እያሉ ወረዱ። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሲመለሱ አራቱን ፎቅ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ እኛም በየበራችን ቆመን ቀስ ይበሉ እንላለን። ገና ሳይቀመጡ «ተራው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለዕቃው ከአምስት ሦስት። ስክሪኑ ያሳስታል፣ ስፕሪንጉ ላልቷል፣ መመሪያው በጉንዳን ፊደል ነው የተጻፈው። አንድ ቤት አንድ መግዛት አለበት ወይ ለሚለኝ ግን አይመስለኝም። እኔ ሦስቱ መሳቢያ ውስጥ በነበሩ ጊዜ ማንንም አልለኩም።

ሳገኘው ባትሪው ውስጡ ፈልቶ ነበር። በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት። ደብተሩም ከሥሩ ነበረ። የመጨረሻው ገጽ በተማሪው እጅ የተጻፈ ነው፦ «ምድር ቤት፣ እማማ፣ 96። ማሳሰቢያ፦ ባትሪ ይገዛ።» ትናንት ገዛሁ።