ለፒካፕ ሌቭሊንግ ኪት ስትገዙ፦ ስፔሰር፣ የሚስተካከል ሾክ ወይስ ሙሉ ኮይልኦቨር?

ፒካፕ ከፋብሪካ የሚወጣው ኋላው ከፊቱ ከፍ ብሎ ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ኢንች ይደርሳል። በስህተት አይደለም፤ ዕቃ ሲጫን ወይም ተሳቢ ሲጎተት ኋላው ዝቅ ብሎ መኪናው ቀጥ እንዲል ታስቦ ነው። አገር ቤት ሃይሉክስ ላይ ባሌስትራ የሚያስጨምሩ ሰዎችም ሐሳባቸው ያው ጭነት ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ፒካፑን ባዶውን ይዞ ሥራ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፣ እና ኋላው እንደ ፍየል ጭራ ተነስቶ ሲያየው ይደብረዋል። ፊቱን አንስቶ ከኋላው ጋር እኩል የሚያደርገው ነው ሌቭሊንግ ኪት።

ገበያ ላይ 50 ዶላር የሚጠራውም 2 ሺህ ዶላር የሚጠራውም "2 ኢንች ያነሳል" ይላችኋል። ቆሞ ስታዩት እውነትም ልዩነት የለውም። የሚለየው ጉድጓድ ሲመታ ነው።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የጎማውን ንፋስ ልክ አድርጉ፣ ከዚያ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በአራቱም ጎማ ለኩ። የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ ቅርጹ የሚለያይ መኪና ስላለ፣ ከበሮቹ በታች ያለውን ጠርዝም ከመሬት ለኩ። ልዩነቱ 1.5 ኢንች ሆኖ ሳለ 2.5 ኢንች የሚያነሳ ኪት ከገዛችሁ ፊቱ ከኋላው ይበልጣል፤ ይሄ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ያስጠላል። ታኮማ ያላችሁ ግራና ቀኙንም አወዳድሩ፣ በሹፌሩ በኩል ትንሽ ማዘንበሉ የታወቀ ነው። ለዚያ ተብሎ ለሹፌሩ በኩል ብቻ የሚጨመር ቀጭን ስፔሰር ይሸጣል።

ቀጥሎ ከፊት ምን ዓይነት ሞላ እንዳለው እወቁ። ታኮማ፣ ኤፍ-150 እና የአሁኑ ሲልቬራዶ 1500 ከፊት ሾኩ (አሞርዛተሩ) እና ሞላው አንድ ላይ የተገጠመ ነው። ከዚህ በታች የማወዳድረው በዋናነት ለእነሱ ነው።

ስፔሰር

ርካሹ ይኼ ነው፣ እንደ መኪናው ከ50 እስከ 150 ዶላር አካባቢ። ሾኩና ሞላው ከሻንሲው ጋር በሚታሰሩበት ቦታ፣ ከላይ፣ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ወይም የፖሊዩሬቴን ቁራጭ ይገባል። ሳጥኑን ከፍታችሁ ቁራጩ ውፍረቱ 1 ኢንች ያህል ብቻ ሆኖ ስታገኙት አልተሸወዳችሁም። ሾኩ የሚታሰረው ጎማው ጋ ሳይሆን ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ፣ ኮንትሮል አርሙ፣ መሃል አካባቢ ስለሆነ፣ እዚያ የተጨመረ 1 ኢንች ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 2 ኢንች ይጠጋል።

ጥሩ ጎኑ፣ ሞላው ስለማይነካ አነዳዱ ከድሮው ብዙም አይለይም። መጥፎ ጎኑ የሚመጣው ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ነው። ከፋብሪካው ልክ በላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ቦል ጆይንቱ (የኮንትሮል አርሙ መገጣጠሚያ) እና ሲቪ አክስሉ (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ከተሠሩበት ማዕዘን ያልፋሉ፣ የላይኛው ኮንትሮል አርምም ሞላውን ሊነካ ይችላል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል ሰው ይሄ እምብዛም አያጋጥመውም። ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄድ ግን ይገጥመዋል።

ሌላም ዓይነት ስፔሰር አለ፣ ሞላው ራሱ ላይ ገብቶ ሞላውን ይበልጥ የሚያምቅ። መኪናው ይጠጥራል፣ ሾኩም ጎማው ሲወርድ ቶሎ ጫፉ ላይ ደርሶ "ጓ" ይላል። ለመግጠም ደግሞ ሞላውን በማሽን ማመቅ ግድ ነው፣ እና የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ጓሮ ውስጥ ከዩቲዩብ እያያችሁ የምትሞክሩት ሥራ አይደለም። እኔ ይሄኛውን አልመክርም፤ 3 ኢንች የሚሉትንም ስፔሰሮች ቢሆን፣ የላይኛውን ኮንትሮል አርም አብራችሁ ካልቀየራችሁ ይቅሩባችሁ።

የሚስተካከል ሾክ

በጣም የታወቀው ቢልስታይን 5100 ነው። ሾኩ ገላ ላይ ደረጃ ደረጃ የተቆረጡ መስመሮች አሉ፤ ቀለበቱን በምትፈልጉት መስመር ላይ ታደርጋላችሁ፣ ሞላው የሚያርፍበት ቦታ ከፍ ይላል፣ የመኪናው ፊትም አብሮ ይነሳል። የፋብሪካው ሞላ እዚያው ይቀራል። የፊት ሁለቱ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 350 ዶላር ይገኛሉ።

ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ስፔሰርም ለማስገባት ሾኩና ሞላው ከነነፍሱ መውረድ አለበት። ለሾኩ የሚጨመረው ሥራ ሞላውን ማመቁ ነው። ስለዚህ ለጋራዥ የምትከፍሉት የእጅ ዋጋ በሁለቱ መካከል እንደ ዕቃው ዋጋ አይራራቅም። መኪናችሁ ከ60 ሺህ ማይል በላይ ሄዶ የፋብሪካው ሾክ ከደከመ፣ በደከመ ሾክ ላይ ስፔሰር አስገብቶ ከዓመት በኋላ ለአዲስ ሾክ ደግሞ ማስፈታት የአንድን ሥራ ዋጋ ሁለቴ መክፈል ነው። መኪናው አዲስ ከሆነና ከከተማ የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ስፔሰሩ ይበቃዋል፣ የቀረውን ገንዘብ ለጎማ አውሉት።

ጉድለቱ፣ ከፍ ባለው መስመር ላይ ሲደረግ ሞላው ስለሚታመቅ ፊቱ ይጠጥራል፣ በተለይ ባዶ መኪና ላይ። እባካችሁ ከፍ ያደረጋችሁት ሾክ ላይ ስፔሰር አትደርቡ። የሚደርብ ሰው አለ፣ ሾኩንና ቦል ጆይንቱን ነው የሚበላው።

ሙሉ ኮይልኦቨር

አዲስ ሾክ ከአዲስ ሞላ ጋር፣ ተገጣጥሞ የሚመጣ። ፎክስ፣ አይከን፣ ኪንግ፣ ኦልድ ማን ኢሙ። ዋጋው ከ700 ዶላር ገደማ ተነስቶ ከ2 ሺህ ያልፋል። ሞላው ለዚያ ከፍታ የተሠራ ስለሆነ አነዳዱ ከሁሉም ይሻላል። ከፊት የብረት ባምፐርና ዊንች ላስገባ ሰው ያስፈልገዋል። ሥራ ሄዶ ለሚመለስ ግን ብር ማባከን ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ከፊት ጥቅል ሞላ የሌላቸውና ከባዶቹ ፒካፖች

ሲልቬራዶ 2500 እና 3500 ከፊት ቶርሽን ባር፣ ማለት እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ፣ ነው ያላቸው። እነሱ ላይ የማስተካከያውን ቡሎን በማጥበቅ ብቻ ትንሽ ከፍታ በነጻ ይገኛል፤ የዘንጉን ጫፍ የሚይዘውን ቶርሽን ኪይ የምትገዙት ከዚያ በላይ ስትፈልጉ ነው። ሱፐር ዱቲ ባለ ፎር ባይ ፎርና ራም 2500 ደግሞ ከፊት ድፍን አክስል ስላላቸው ስፔሰሩ ከሞላው ጋር ይገባል፣ ሥራውም ይቀላል። ሲነሳ አክስሉ በትንሹ ወደ ጎን ስለሚሄድ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን ዘንግ፣ ትራክ ባሩን፣ ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

ተሳቢ የምትጎትቱ ወይም ሁልጊዜ የምትጭኑ ከሆነ፣ ቢቻል ተዉት። ካልቻላችሁ ሙሉ በሙሉ እኩል አታድርጉት፣ ግማሽ ወይም 1 ኢንች ኋላው ይብለጥ። እኩል የሆነ ፒካፕ ሲጫን አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ቨርጂኒያ በ2022፣ ሰሜን ካሮላይና በ2021 ፊቱ ከኋላው 4 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የተነሳ መኪና እንዳይነዳ ከልክለዋል። ተራ ሌቭሊንግ እዚያ አይደርስም፣ ፖሊስ ያስቆመኛል ብላችሁ አትስጉ።

ሻጩ "ዋራንቲህ ይሰረዛል" ቢላችሁም ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። የ1975ቱ የማግነሰን-ሞስ ሕግ ሌላ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋራንቲን በሙሉ መሰረዝ አይፈቅድም፤ ብልሽቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለባቸው። ሲቪ አክስሉ ከተሰበረ ግን ክርክሩ ለእነሱ ያደላል።

የትኛውንም ብትመርጡ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፣ ከ100 እስከ 150 ዶላር ጨምራችሁ አስሉት። ሳታሠሩ ከነዳችሁት የፊት ጎማው በአንድ በኩል ይበላል። የፊት መብራቱንም በዚያው ቀን ዝቅ አስደርጉት። ቨርጂኒያ ያላችሁ በዓመታዊው ኢንስፔክሽን መብራቱ ስለሚታይ ስቲከሩን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ጥቂት መቶ ማይል ከሄዳችሁ በኋላ የተነኩትን ቡሎኖች ጋራዡ በድጋሚ እንዲያጠብቅላችሁ መልሳችሁ ውሰዱት፤ ደህና ጋራዥ ለዚህ አያስከፍልም፣ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።